የቤት ኮምፒዩተርን ሰነድ በገዛ እጅ በተጻፈ ትእዛዝ ስለ መጠበቅ

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆን ቃል ለመሰብሰብ ወደ ወሎ ሄዶ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነበር። ስለ እርሻ ወቅቶች ከሽማግሌዎች አፍ የሰማውን በስልኩ እየቀዳ ማታ ማታ ወደ ላፕቶፑ ያዛውረዋል፤ ስልኩም ቦታ እንዳይጠብበው የቀዳውን ከዚያው ይሰርዘዋል። ወደ አዲስ አበባ በተመለሰ በሳምንቱ የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረና በሦስተኛው ቀን ጨርሶ አልነሣ አለ። ጓደኛችን በመጀመሪያ ብዙም አልደነገጠም፤ «በፍላሽ ቅጂ አለኝ» ይል ነበርና። ፍላሹ ሲከፈት ግን የተገኘው የፎልደሩ ሾርትከት ብቻ ነው። ሾርትከት ማለት ፋይሉ ወዴት እንዳለ የሚጠቁም፥ አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት የሚሆን ትንሽ ምልክት ነው እንጂ ፋይሉ ራሱ አይደለም። ከተናጋሪዎቹም መካከል አንደኛው ሽማግሌ በዚያው ክረምት ዐርፈው ስለ ነበር ተመልሶ መጠየቅ የማይቻል ሆነ።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው። ጓደኛችን ሰነፍ ወይም ቸልተኛ አልነበረም፤ ቅጂ አስቀምጧል፤ ያላደረገው ነገር ቢኖር ቅጂውን ከፍቶ አለማየቱ ብቻ ነው። እኛም ሦስት ሆነን በየቤታችን ኮምፒዩተር ላይ መጠባበቂያ ቅጂ፥ በተለምዶ ባክአፕ የሚባለውን፥ በገዛ እጃችን በጻፍነው አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ማለት በስክሪፕት ስንሞክር ቆይተናል። ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጸው ትእዛዙ እንዴት እንደሚሠራ፥ በየት በኩል እንደሚያታልልና ተመልሶ ካልተከፈተ ለምን እንደማይታመን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

«ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፕሮግራም ሞልቶ ሳለ፥ ወይም በኢንተርኔት ላይ የሚከራይ ማከማቻ እያለ፥ በእጅ መጻፍ ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኢንተርኔትን በፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም ተማሪ አርባ ጊጋባይት ድምፅና ሥዕል ወደ ውጭ መላክ ከአቅም በላይ ነው፤ መብራት ሲቋረጥም ጅምሩ ይቀራል። ከዚህም ሌላ የተገዛው ፕሮግራም በውስጡ ምን እንደሚሠራ ባለቤቱ አያውቅም። ዐሥራ አምስት መስመር ያለው ትእዛዝ ግን ከላይ እስከ ታች በአምስት ደቂቃ ይነበባል። በእኛ አስተያየት የእጅ ሥራው ዋና ጥቅም ርካሽነቱ ሳይሆን ይህ መነበቡ ነው።

በሊኑክስ ለሚሠራ ሰው የሥራው ዋና መሣሪያ አርሲንክ የተባለው ፕሮግራም ነው። ይህን የጻፉት አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማከራስ ሲሆኑ ለሕዝብ ያቀረቡት በ1996 ነው። ትሪጀል ዘዴውን በ1999 በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ አብራርቶታል፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚገለገልበት መሣሪያ የኛ ቢጤ ተማሪ ሥራ መሆኑን ስናውቅ ደስ ብሎናል። ዘዴው እንዲህ ነው። በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ የአንድ ፋይል አሮጌና አዲስ መልክ ቢኖር፥ አሮጌውን የያዘው ኮምፒዩተር ፋይሉን በእኩል ቍራጭ ይከፍልና ለእያንዳንዱ ቍራጭ ሁለት መለያ ቍጥር ያወጣለታል። አንዱ በቀላሉ የሚሰላ ሲሆን ሁለተኛው ለማስላት የሚከብድ ግን የማያሳስት ነው። አዲሱን የያዘው ኮምፒዩተር እነዚህን ቍጥሮች ተቀብሎ በፋይሉ ላይ ባይት በባይት እየተንሸራተተ ተመሳሳይ ቍራጭ ይፈልጋል፤ ያጣውን ብቻ ይልካል።

ሆኖም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ ውጭ ዲስክ ስንቀዳ አርሲንክ በዚህ ዘዴ አይሠራም። ማስላቱ ከመቅዳቱ ይልቅ ጊዜ ስለሚፈጅ የሚመለከተው የፋይሉን መጠንና መጨረሻ የተለወጠበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ከተስማሙ ያልፈዋል፥ ካልተስማሙ ሙሉውን ይቀዳል። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ወደ ፊት ስለምንናገረው አንድ ችግር ነው።

አሁን ወደ ትእዛዙ እንመለስ። የጻፍነው በባሽ ቋንቋ ሲሆን ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ይነበባል፤ «ስም ተጠርቶ ዋጋ ያልተሰጠው ነገር ካጋጠመህ ቁም። ምንጩ ‹ሰነድ› የተባለው ፎልደር ነው። መድረሻው የውጭው ዲስክ ነው። ዲስኩ ካልተሰካ ይህንኑ ጻፍና ውጣ። በምንጩ ውስጥ ‹አለሁ› የተባለችው ፋይል ከሌለች ይህንኑ ጻፍና ውጣ። የዛሬውን ቀን ስም አድርገህ አዲስ ፎልደር ክፈት። ከትናንቱ ጋር እያስተያየህ የተለወጠውን ቅዳ፤ ያልተለወጠውን በስም ብቻ አገናኝ። በደኅና ካለቀ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግብ፤ ካላለቀ የስሕተቱን ቍጥር መዝግብ።»

«በስም ብቻ አገናኝ» ያልነው ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ሰው በቤቱ አበበ ቢባልና የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ቢሆን፥ ስሙ ሁለት ነው እንጂ ሰውየው አንድ ነው። በሊኑክስ ዲስክ ላይም አንድ ፋይል ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ሃርድ ሊንክ የሚሉት ይህንን ነው። የሰኞው ፎልደርና የማክሰኞው ፎልደር ያንኑ አንድ ፋይል በየራሳቸው ስም ይጠሩታል። የሰኞውን ብንሰርዝ የጠፋው አንድ ስም ነው፤ ፋይሉ የሚጠፋው የመጨረሻው ስም ሲሰረዝ ነው። ስለዚህ የሰባት ቀን ፎልደሮች እያንዳንዳቸው ሙሉ መስለው እየታዩ በዲስኩ ላይ የሚይዙት ቦታ ከአንዱ ብዙም አይበልጥም። ረቡዕ ዕለት በስሕተት አንድ ምዕራፍ የደለተ ተማሪ የማክሰኞውን ከፍቶ ያገኘዋል።

ነገር ግን በዚህ ላይ መታለል ቀላል ነው። ሰባት ስም ሰባት ቅጂ አይደለም። ዲስኩ በዚያች ፋይል ላይ ቢበላሽ ሰባቱም ቀን አብረው ይበላሻሉ። ደግሞም የማክሰኞውን ፋይል ከፍቶ እዚያው ላይ የሚያርም ሰው ሳያውቅ የሁሉንም ቀን ሊያርመው ይችላል። ስለዚህ ከቅጂው የተፈለገው ፋይል አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ተቀድቶ ነው መከፈት ያለበት። እኛም ይህን የተማርነው አንድ የመጽሐፍ ዝርዝር ካበላሸን በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናሳስብበት የፈለግነው የትእዛዙ የራሱ አደገኛነት ነው። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ከዲሴምበር 14 እስከ 16 ቀን 2021 በደረሰው ጥፋት ከታላቁ ኮምፒዩተር ማከማቻ ላይ 77 ቴራባይት ያህል፥ በቍጥር 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል ተሰርዟል። ጉዳቱ 14 የምርምር ቡድኖችን ነክቷል፤ ከእነዚህም የአራቱን ፋይል ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ አልተቻለም። ያጠፋው ቫይረስ ወይም ሌባ አልነበረም፤ የመጠባበቂያው ትእዛዝ ራሱ ነበር።

በዚያ ትእዛዝ ውስጥ ከዐሥር ቀን በላይ የቈዩ የመዝገብ ፋይሎችን የሚሰርዝ ክፍል ነበረ። ማሽኑን ያቀረበው ኩባንያ ትእዛዙን ለማሻሻል፥ ለአንባቢም ግልጽ እንዲሆን ሲል የስሞቹን አጠራር ለውጦ፥ አሮጌው ገና በመሥራት ላይ ሳለ አዲሱን በላዩ ላይ ጻፈበት። ባሽ ደግሞ ትእዛዙን አስቀድሞ አንብቦ አይጨርስም፤ እየሠራ ያነባል፥ እያነበበ ይሠራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ከአሮጌው፥ የቀረውን ከአዲሱ አነበበ። በአዲሱ ክፍል የተጠሩት ስሞች በአሮጌው ውስጥ ስላልነበሩ ዋጋቸው ባዶ ሆነ፤ «በዚህ ፎልደር ያሉትን አሮጌ መዝገቦች ሰርዝ» የነበረው ቃል የፎልደሩ ስም ሲጐድልበት የተመራማሪዎቹን ፋይል የሚሰርዝ ቃል ሆነ። ኩባንያው ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አምኖ ምክንያቱን በዝርዝር ገልጿል።

ይህ የታላላቅ ማሽኖች ጣጣ ብቻ ነው እንዳይባል፥ በጃንዩወሪ 2015 ስቲም የተባለው የጨዋታ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ በአንድ ሰው የቤት ኮምፒዩተር ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። የፎልደሩ ስም ባዶ ሲሆን «ከዚህ ፎልደር በታች ያለውን ሁሉ ሰርዝ» የሚለው መስመር «ከሥሩ ጀምሮ ሁሉን ሰርዝ» ሆነ። ሰውየው ለመጠባበቂያ የያዘው የውጭ ዲስክም ተሰክቶ ስለ ነበር አብሮ ተጠረገ።

ስለዚህ በእኛ ትእዛዝ የመጀመሪያው መስመር «ዋጋ ያልተሰጠው ስም ካጋጠመህ ቁም» የሚል ነው። ሙሉው ሥራም በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ የተጠራው በመጨረሻው መስመር ነው፤ ባሽ ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ሁሉን አንብቦ ለመጨረስ ይገደዳልና። ማሻሻል ስንፈልግም በቅጂው ላይ እናርምና ስሙን እንለውጣለን እንጂ በዋናው ላይ አንጽፍም። የውጭው ዲስክ ደግሞ ሥራው እንዳለቀ ይነቀላል። ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባም ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ ስለሚቈልፍ መንቀሉ ለዚህም ይጠቅማል።

«አለሁ» የተባለችው ፋይልም የተቀመጠችው በዚሁ ምክንያት ነው። አርሲንክ «በምንጩ የሌለውን ከመድረሻውም ሰርዝ» የሚል አማራጭ አለው። ምንጩ በሌላ ዲስክ ላይ ያለ ፎልደር ቢሆንና ያ ዲስክ ያን ዕለት ባይነሣ፥ ትእዛዙ ባዶ ፎልደር ያያል፤ እንደ ታዘዘውም መድረሻውን ባዶ ያደርጋል። በሌላ በኩል የውጭው ዲስክ ሳይሰካ ቢቀር ሥራው ቅጂውን በዚያው በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ ያስቀምጥና «በደኅና ጨርሻለሁ» ይላል። ሁለቱም በእኛ ዘንድ በሙከራ ጊዜ ደርሰዋል። አማራጭ በጨመርን ቍጥር አስቀድመን «ምን እንደምትሠራ ንገረኝ እንጂ አትሥራ» በሚለው የልምምድ አማራጭ ማየትን ልማድ ያደረግነው ከዚያ ወዲህ ነው።

በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው የተለዩ ሁለት ችግሮች አሉ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ የፋይልን ስም በአማርኛ መጻፍ ተችሏል፤ እኛም እንጽፋለን። ነገር ግን የሊኑክስ የተለመደው ዲስክ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደላችን ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የአማርኛ ስም ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። በዊንዶስ ዲስክ ላይ ልኩ የሚቈጠረው በሌላ መንገድ ስለ ሆነ እስከ 255 ፊደል ይሄዳል። የመጽሐፉን ሙሉ አርእስት ከነደራሲው ማዕረግ የፋይል ስም አድርጎ በዊንዶስ ያስቀመጠ ተማሪ ወደ ሊኑክስ ዲስክ ሲቀዳ ያቺ ፋይል «ስሟ ረዘመ» ተብላ ትቀራለች፤ የቀሩት ግን ያልፋሉ። መዝገቡን ካላነበበ ማንም አይነግረውም።

ሁለተኛው ችግር የሆሄያት ነው። ለጆሯችን «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ስሞች ናቸው። በትእዛዙ ውስጥ ምንጩን በንጉሡ ሠ ጽፎ ፎልደሩን በእሳቱ ሰ የከፈተ ሰው ለብዙ ሰዓት ስሕተቱን ሲፈልግ ይውላል። ከእኛ አንዱ «ፀሐይ» የሚለውን በሦስት ዓይነት ጽፎ ሦስት ፎልደር ከፍቶ ተገኝቷል። አንባቢ አይሣቅ፤ የእያንዳንዳችን ዲስክ ቢፈተሽ አንድ እንዲህ ያለ ነገር አይታጣም።

ዲስኩ ራሱ የተዘጋጀበት ሥርዓትም ያስቸግራል። ብዙ ፍላሽ የሚሸጠው ፋት 32 በተባለው አሮጌ ሥርዓት ተዘጋጅቶ ነው። ይህ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረዥም ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ የቀረጸ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ሃርድ ሊንክንም አያውቅም። ሰዓትንም የሚመዘግበው በሁለት ሁለት ሰኮንድ ነው፤ አርሲንክ ደግሞ ቀደም ብለን እንዳልነው በሰዓቱ ስለሚያስተያይ የአንዲት ሰኮንድ ልዩነት አይቶ ያልተለወጠውን ፋይል ሁሉ እንደ ተለወጠ ቈጥሮ እንደገና ይቀዳዋል። መፍትሔው የአንድ ሰኮንድ ልዩነት እንዲታለፍ ማዘዝ ወይም ዲስኩን በሊኑክስ ሥርዓት እንደገና ማዘጋጀት ነው።

በዊንዶስ ለሚሠሩ ጓደኞቻችን ሮቦኮፒ የተባለው ከዊንዶስ ጋር አብሮ የሚመጣ ትእዛዝ አለ። ስለ እርሱ አንድ ነገር ብቻ እንናገራለን። በሌሎች ፕሮግራሞች ዜሮ ያልሆነ መልስ ስሕተት ማለት ሲሆን፥ በሮቦኮፒ ግን 1 ማለት «ፋይል ቀድቻለሁ» ማለት ነው፤ ውድቀት የሚባለው ከ8 ጀምሮ ያለው ነው።

ትእዛዙን በየቀኑ የሚቀሰቅሰው በሊኑክስ ክሮን የተባለው ሰዓት ጠባቂ ነው። ክሮን የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት ስለ ሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት ለማለት 20 ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ከእኛ አንዱ 2 ብሎ ጽፎ ትእዛዙ ለሦስት ሳምንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲቀጠር ኖሯል፤ በዚያን ሰዓት ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ባለቤቱ ተኝቷል። ክሮን ያመለጠውን ቀጠሮ አያካክስም። መብራት ለሚጠፋበት ቤት የሚሻለው አናክሮን ነው፤ ይህኛው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ያለፈውን አስታውሶ ይሠራል።

ስለ መመለስ እንናገር። ጊትላብ የተባለው የፕሮግራም ጸሐፊዎች ማከማቻ በጃንዩወሪ 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው በስሕተት ዋናውን የመረጃ ቋት ሰርዞበት ነበር። ኩባንያው ብዙ ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው። ነገር ግን ዋናው ቅጂ የሁለት ፕሮግራሞች እትም ባለመስማማቱ ሳይሠራ ቆይቷል፤ አለመሥራቱን የሚናገረው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል እየተመለሰ ለማንም አልደረሰም። ያዳነው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ያው ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። ባለሙያ የሞላበት ቤት እንዲህ ከሆነ የኛን መጠርጠር ይገባል።

ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ሦስታችን እንገናኝና አንዱ የሌላውን ዲስክ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል። ባለቤቱ የማይመርጣቸውን ዐሥር ፋይሎች እናወጣና እንከፍታለን፤ ድምፅ ከሆነ መጨረሻውን ደቂቃ እናዳምጣለን፥ ተቈርጦ የቀረ ፋይል መጀመሪያው ደኅና ነውና። በመጀመሪያው ወር ትእዛዙ የታዘዘውን ሁሉ በታማኝነት ቀድቶ አገኘነው። የአንዳችን የመጽሐፍ ዝርዝርና ማስታወሻ ግን በጠቅላላው አልነበረም። ዞተሮ የተባለው ፕሮግራም ሰነዱን የሚያስቀምጠው በራሱ ፎልደር ውስጥ ነው እንጂ «ሰነድ» ባልነው ውስጥ አይደለም፤ ይህን ማንኛችንም አላሰብነውም ነበር። አሁን በምንጩ መስመር ላይ ሁለት ፎልደሮች ተጽፈዋል።

ሁለተኛው የውጭ ዲስክ ከቤት ውጭ፥ በአንዳችን አክስት ቤት ይቀመጣል። በውስጡ የሰዎች ቃል ስላለ በይለፍ ቃል ተቈልፏል፤ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ በሌላ ቦታ ተቀምጧል። ጓደኛችን በዚህ ዓመት እንደገና ወደ ወሎ ሲሄድ ሁለት ዲስክ ይዟል። ከስልኩ ላይ ድምፁን የሚሰርዘው ከሁለተኛው ዲስክ ከፍቶ ካዳመጠ በኋላ ነው።